ልጅን ለክረምት ሥራ ስለ መስጠት፤ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ወላጆች የተጻፈ መመሪያ

የሰኔ ፈተና ተፈጽሞ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ዝናቡም የጀሞንና የሀና ማርያምን የውስጥ መንገዶች ሲያጨቀያቸው፣ በየቤቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም የ13 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ወደ ወላጁ ቀርቦ «ክረምቱን እንዲሁ ቁጭ ብዬ ከማሳልፈው ሥራ ልግባ» የሚለው ነው። የደብተርና የደንብ ልብስ ዋጋ መስከረም ሲጠባ ወላጁን እንዴት እንደሚያስጨንቀው ያየ ልጅ የድርሻውን ለመሸከም ቢነሣ ሊመሰገን እንጂ ሊነቀፍ አይገባውም፤ የእጅ ሥራም ቢሆን ሐዋርያው ጳውሎስ ስብከተ ወንጌልን ከድንኳን ሰፊነት ጋር አስተባብሮ የኖረበት ነውና ከቶ ነውር የለበትም። ነገር ግን የልጁ ፈቃድ መልካም ስለ ሆነ የሚገባበት ሥራ ሁሉ መልካም ይሆናል ማለት አይደለምና፣ እርስዎ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የሆኑ አንባቢ «እሺ» ከማለትዎ በፊት ሊያደርጉት የሚገባውን ነገር በተራው እንመልከት።

አስቀድሞ ስለ አንድ ልማዳችን መናገር ያስፈልጋል። በእኛ ክፍለ ከተማ ለታዳጊ ልጅ ሥራ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በማስታወቂያ ሳይሆን በዘመድ፣ በጎረቤት ወይም በዕድር ወዳጅ በኩል ነው። አባት ልጁን ይዞ ጎፋ ማዞሪያ አጠገብ ሱቅ ወዳለው ወደ አገሩ ሰው ይሄድና «እንግዲህ ልጅህ ነው፣ አደራ!» ይለዋል፤ ባለሱቁም «ኧረ ምን ገዶኝ፣ እንደ ልጄ ነው የማየው» ብሎ ይቀበለዋል። ከዚህ በኋላ ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ፣ ልጁ በስንት ሰዓት ገብቶ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ሥራውስ መቼ እንደሚያበቃ መጠየቅ ወዳጅን እንደ መጠርጠር ይቈጠራል፤ ስለዚህም ሁለቱ ታላላቅ ሰዎች እየተከባበሩ ያላነሡት ነገር ሁሉ በልጁ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። አደራ ይቅር አልልም፤ ያለ አደራ የሚኖር ሕዝብ አይደለንምና። የምለው፣ አደራው ልጁ ሥራ ከሚጀምርበት ቀን በፊት በቃል ይነገር፣ የተነገረውም በወረቀት ይጻፍ ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምክር ሁሉ ወደዚህ ወረቀት የሚያደርስ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ የልጁን ዕድሜ አጣርቶ ማወቅ ነው። ዛሬ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ 15 ሞልቶት 18 ያልደረሰውን ደግሞ «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ ሰይሞ ለብቻው የሆነ ጥበቃ ይሰጠዋል። ከዚህ አዋጅ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ወሰኑን በ14 ዓመት ላይ አኑሮት ስለ ነበር፣ በዚያው ልማድ «14 ከሞላው ምን አለበት» የሚል አሠሪ ቢገጥምዎ ያ ሕግ መሻሩን በትሕትና ያስረዱት። ለዕድሜ ማስረጃ የሚሆነው ከወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የሚወጣው የልደት የምስክር ወረቀት ነው፤ ልጅዎ እስካሁን ያላወጣ እንደ ሆነ ሥራ ከመፈለግ አስቀድሞ ይህን ያውጡለት፣ ወደ ፊትም ለብዙ ነገር ያስፈልገዋልና።

እዚህ ላይ «እኔ እኮ በሰባት ዓመቴ ጥጃ ስጠብቅ ነው ያደግሁት» የሚል ወላጅ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እውነቱን ነው፣ ቃሉንም አላቃልልበትም። ሆኖም ያ የሰባት ዓመት እረኛ የጠበቀው የአባቱን ጥጃ ነበር፤ ሲርበው የሚበላው ከእናቱ ሞሰብ፣ ሲታመም የሚተኛው በራሱ መደብ ላይ፣ ጥጃው ቢጠፋበት የሚቈጣው የገዛ አባቱ ነበር። ለሌላ ሰው ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅ ግን ትርፍን በሚያሰላ ሰው ሥር ይውላል፤ ሕጉም ወሰን ያበጀው ለዚህኛው ነው። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የወጣውና አገራችንም በ1999 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው ስምምነት ቁጥር 138፣ አገሮች ቢፈልጉ ከ13 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ጤናቸውንና ትምህርታቸውን የማይጎዳ ቀላል ሥራ በየሕጋቸው ሊፈቅዱ እንደሚችሉ ይናገራል፤ የእኛ አዋጅ ግን ይህን በር አልከፈተውም። ስለዚህ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ካለዎት የቅጥርን ነገር ለጊዜው ይተዉት። በእናቱ ጉልት አጠገብ ተቀምጦ ሒሳብ ቢያወራርድ፣ በቤተሰቡ ሱቅ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ጊዜ ዕቃ ቢደረድር ይህ ቅጥር አይባልም፤ ቢሆንም በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቅ ሲያዝ ሥራው የባዕድ ይሁን የወላጅ ብሎ አልለየምና፣ በቤት ውስጥም ቢሆን ልክ ይኑረው።

ዕድሜው ከታወቀ በኋላ የሥራው ዓይነት ይመረጣል። አዋጁ ለወጣት ሠራተኛ የከለከላቸው ሥራዎች በሩቅ ያሉ አይደሉም፤ በየቀኑ በአጠገባችን የምናያቸው ናቸው። መንገደኛና ዕቃ ማመላለስ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ከመካኒሳ ሳሪስ በሚመላለሰው ታክሲ ላይ ረዳት ሆኖ በር ላይ ተንጠልጥሎ መሥራት፣ ምንም እንኳ ብዙ ጎረምሶች የሚመኙት ቢሆን፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይፈቀድም። በመጋዘን ከባድ ዕቃ ማንሣት፣ መጎተትና መግፋትም እንዲሁ ነው፤ ሲሚንቶና ብረት በሚራገፍበት ቦታ ልጅን ማሠማራት በዚህ ውስጥ ይገባል። ከኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ከትራንስፎርመርና ከማስተላለፊያ መስመር ጋር የተያያዘ ሥራ፣ ከምድር በታች የሚሠራ የማዕድንና የድንጋይ ካባ ሥራ፣ የፍሳሽ ቦይና የዋሻ ቁፋሮም የተከለከሉ ናቸው። ከእነዚህም ሌላ በጠባዩ ወይም በሚሠራበት ሁኔታ የልጁን ሕይወት ወይም ጤና የሚያሰጋ ሥራ ሁሉ በጠቅላላው ተከልክሏል።

የሕንፃ ሥራን ነገር በተለይ ላንሣው፤ በለቡና በሀና ማርያም በኩል ሕንፃ የማይሠራበት መንደር የለምና የቀን ሥራ ከሁሉ ፈጥኖ የሚገኘው እዚያ ነው። ልጁ «አሸዋ ብቻ ነው የማቀብለው» ይልዎ ይሆናል። ነገር ግን ሄደው ቢያዩት መወጣጫው ከባሕር ዛፍ ተቸንክሮ የተሠራ ነው፤ በክረምት ዝናብ ሲመታው እንጨቱ ያሟልጫል፣ ሚስማሩም ይላላል፤ በአምስተኛው ፎቅ ላይ የጎደለ ሰው ሲኖር ፎርማኑ «አንተ ልጅ፣ ና ውጣ» ለማለት አያመነታም። አሸዋ አቀብላለሁ ብሎ የገባ ልጅ እስከ ማታ አሸዋ ብቻ እያቀበለ እንደሚውል የሚያረጋግጥልዎ ሰው የለም። ልጅዎን ወደ እንዲህ ያለ ቦታ አይስደዱት፤ የሚከፈለው ከሱቅ ደመወዝ ቢበልጥም እንኳ።

ልጁ በእውነት የግንባታን፣ የብረታ ብረትን ወይም የመኪና ጥገናን ሙያ የሚወድ ከሆነ ግን ሌላ መንገድ አለው። አዋጁ ክልከላውን ሲያስቀምጥ፣ ሥልጣን ባለው አካል በጸደቀ የሙያ ትምህርት ቤት ውስጥ በተቈጣጣሪ ሥር የሚሰጥን የተግባር ትምህርት ከዚህ ለይቶታል። ቀድሞ ተግባረ እድ ይባል የነበረውን ትምህርት ዛሬ የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ፤ በእኛው ሰፈር የንፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ይገኛልና፣ ለልጁ ዕድሜና የትምህርት ደረጃ የሚስማማ ሥልጠና እንዳለ ሄደው ይጠይቁ።

እንግዲህ የቀረው ምን ዓይነት ሥራ ነው ቢሉ፣ የሚቀረው ጥቂት አይደለም። 15 ዓመት የሞላው ልጅ በጽሕፈት መሣሪያና በፎቶ ኮፒ ቤት፣ በሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ፣ በዳቦ ቤት የሽያጭ ባንኮኒ፣ በልብስ ስፌት ቤት ሊሠራ ይችላል፤ ትምህርቱን በሚገባ የያዘ እንደ ሆነም በኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ውስጥ የታናናሾቹን ክፍል ተማሪዎች ማስጠናት አለ። እኔ ከሁሉ ይልቅ ይህን የመጨረሻውን እመርጣለሁ፤ የሚያስጠና ልጅ ራሱም ደግሞ ይማራልና። ሊስትሮነት፣ ሎተሪ ማዞር፣ ሶፍትና ማስቲካ መሸጥ ግን ልጁ የራሱ ጌታ ሆኖ የሚሠራቸው ስለ ሆኑ አሠሪ የላቸውም፤ አሠሪ ከሌለም አዋጁ የሚይዘው ሰው የለም። የማንም ጥበቃ ሳይኖር በዝናብና በመኪና መካከል መዋል፣ ፈቃድ በሌለበት ቦታም ሲሸጡ ዕቃን በደንብ አስከባሪ መነጠቅ በዚህ ሥራ ላይ የሚደርስ ነው፤ ይህን አመዛዝነው ይወስኑ።

ስለ ሴት ልጅ ደግሞ በቀጥታ መናገር ይገባኛል። ለሴት ልጅ በቀላሉ የሚገኘው ሥራ የቤት ሠራተኝነት ነው፤ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅም ስትሆን «ታግዛቸው፣ እነርሱም ያስተምሯታል» እየተባለ ትሰጣለች። ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት ላይ የተመሠረተ ቅጥር ከአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውጭ እንዲሆን ተደርጓል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምናነሣቸው የሰዓት፣ የሌሊትና የበዓል ጥበቃዎች ሰው ቤት ለምትሠራው ልጅ አይደርሱላትም፤ የሚቀራት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት አገልጋይ የጻፈው ጥቂት ነገር ነው። ሥራው በተዘጋ በር ውስጥ የሚሠራ፣ የመኝታና የሥራ ሰዓት የማይለይበት፣ ዕንባም ቢፈስስ የሚያይ ሰው የማይገኝበት ነው። ልጅዎ እያደረች ለመሥራት ብትጠይቅዎ እምቢ ይበሉ፤ በአደራ የተሰጠችዎ የዘመድ ልጅ በቤትዎ ካለች ደግሞ ይህ ምክር ወላጇን ብቻ ሳይሆን እርስዎንም የሚመለከት መሆኑን አይርሱ።

ሥራው ከተመረጠ በኋላ ስለ ሰዓት ይነጋገራሉ። የወጣት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ7 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራትም ክልክል ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ፣ በሳምንታዊ የዕረፍት ቀን የሚሠራ ሥራና በሕዝብ በዓላት ቀን የሚሠራ ሥራም ለእርሱ አይፈቀዱም፤ አሠሪው እጥፍ እከፍላለሁ ቢልም፣ ልጁም ፈቅጄ ነው ቢል ክልከላው አይነሣም። ይህ በዓመት መለወጫ ሰሞን በእጅጉ ይፈተናል፤ የሱቅ ገበያ የሚደራው ያን ጊዜ ነውና። በዋዜማው ልጁ ከ7 ሰዓት ሳያልፍ ሊሠራ ይችላል፤ መስከረም 1 ቀን ግን ከቤተሰቡ ጋር ይዋል።

7 ሰዓት ግን የመጨረሻው ወሰን እንጂ ግዴታ አይደለም። አዋጁ ልጁ ትምህርት ላይ ባለበት ወራት በቀን ስንት ሰዓት ይሥራ የሚለውን ለይቶ አልወሰነም፤ ይህን የመወሰን ሸክም የወላጅ ነው። ለማመዛዘኛ ያህል፣ በአሜሪካ በ1938 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሥራ ሕግ ተከትለው በተሠሩት ደንቦች መሠረት የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች በትምህርት ቀን ከ3 ሰዓት፣ በትምህርት ሳምንትም ከ18 ሰዓት በላይ ከእርሻ ውጭ በሆነ ሥራ እንዲሠሩ አይፈቀድም። በበኩሌ በትምህርት ወራት ከቅዳሜ በቀር ምንም ባይሠራ እመርጣለሁ፤ ከጀሞ እስከ ሳር ቤት በታክሲ ሰልፍ ላይ የሚያልፈው ጊዜም ከልጁ የጥናት ሰዓት ላይ የሚቀነስ ነውና ከሒሳቡ አይውጣ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ደርሰናል። የሥራ ውል በቃልም ቢደረግ ይጸናል፤ ነገር ግን በቃል የተደረገ እንደ ሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነገሮች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ አዋጁ ያዝዛል። እርስዎ 15 ቀን አይጠብቁ። ከደብተር የተቀደደ አንድ ሉክ ወረቀትና ብዕር ይዘው ይሂዱና «ወንድሜ፣ አንተን ተጠራጥሬ ሳይሆን ልጁ ውል ማክበርን ከአሁኑ እንዲለምድ ብዬ ነው» ይበሉት፤ ይህን ቃል የሚቀየም ሰው ልጅ የሚሰጡት ሰው አይደለም። ጽሑፉም እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል፦

«እኔ የሱቁ ባለቤት አቶ … እና ወጣት ሠራተኛው … ከሐምሌ 6 ቀን እስከ ነሐሴ 25 ቀን የሚቈይ የሥራ ውል ተዋውለናል። ሥራው ዕቃ መደርደር፣ ደንበኛ ማስተናገድና የዕለቱን ሽያጭ መመዝገብ ነው። ከባድ ጭነት ማንሣት አይጨምርም። የሥራው ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን በመካከሉ የ1 ሰዓት የምሳ ዕረፍት አለ። እሑድና የሕዝብ በዓላት የዕረፍት ቀኖች ናቸው። ደመወዙ በወር … ብር ሆኖ በየወሩ መጨረሻ ለሠራተኛው በእጁ ይከፈላል።»

ሁለቱም ይፈርሙበት፣ እርስዎም እንደ ወላጅ ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክሮች ቢጨመሩበትም መልካም ነው፤ አንዱ ቅጂ ከእርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። በዚህ ወረቀት ላይ «የሙከራ ጊዜ» የሚል ቃል ቢገባ ልብ ይበሉ። ሕጉ በጽሑፍ የተደረገ ሙከራን እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል፤ የክረምቱ ዕረፍት ሁሉ ከዚህ አይበልጥምና፣ «ሙከራ ላይ ነህ፣ ደመወዝ ከሙከራው በኋላ ነው» የተባለ ልጅ ሐምሌንና ነሐሴን በነጻ አገልግሎ ይወጣል። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም እንደ ሌላው ሠራተኛ ደመወዝና መብት እንዳለው አዋጁ ይናገራል።

ስለ ገንዘቡ መጠን፣ አዋጁ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም ለግል ሠራተኛ የሚሆን አገር አቀፍ ልክ ወጥቶ አልተሠራበትም፤ ስለዚህ ልኩን የሚያገኙት ጠይቀው ነው። በዚያው ሰፈር ያንኑ ሥራ ለሚሠራ አዋቂ ስንት እንደሚከፈል ከሁለትና ከሦስት ቦታ ይጠይቁ፣ በሰዓቱ ልክም ያካፍሉት፤ ልጅ ስለ ሆነ ብቻ ሊቀነስበት አይገባም። ደመወዙን ራሱ ልጁ ይቀበል። ብርጭቆ ሰብሯል ወይም ሒሳብ ጎድሎበታል ተብሎ ሊቈረጥበት ቢታሰብ፣ ሕግ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሳይኖር ከደመወዝ ላይ መቍረጥ የተከለከለ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቈረጠውም ከወር ደመወዙ ከሲሶ መብለጥ የለበትም። ከተከፈለው ላይ ለቤት ይስጥ፣ ለራሱም ያስቀር፤ በዚህ ነገር ከልጁ ጋር አስቀድመው ይስማሙ እንጂ ገንዘቡን ከእጁ አይንጠቁት።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ መከታተል ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሳይናገሩ በሥራው ሰዓት ብቅ ብለው ይዩት። ማታ ሲገባ «እንዴት ዋልክ?» ብለው ብቻ አይለፉት፤ ምሳውን የት እንደ በላ፣ ማን ምን እንዳዘዘው፣ በስንት ሰዓት እንደ ወጣ ይጠይቁት፣ ሰዓቱንም ራሱ በደብተሩ ላይ ይጻፍ። ቀድሞ ጨዋታ የሚወድ ልጅ ዝም ካለ፣ ወደ ሥራው ለመሄድ ካመነታ፣ ልጅቱም የአንድን ሰው ስም ስትሰማ ፊቷ የሚለወጥ ከሆነ፣ ነገሩን ሳይቈጡ በእርጋታ ይመርምሩ። ሰብአዊ ክብርንና ግብረ ገብነትን የሚነካ ድርጊት ወይም ወሲባዊ ትንኮሳ የተፈጸመበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ሊለቅ ይችላል፤ የሠራበትም ደመወዝ ይከፈለዋል። ነገሩ ወንጀል እንደ ሆነ ግን በሽማግሌ አያድበስብሱት፤ በዚያው ቀን ወደ ፖሊስ ይሂዱ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶችና ለሕፃናት ያለ ክፍያ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ነውና ምክሩን ይጠይቁ።

የደመወዝና የሰዓት ክርክር ከሆነ በመጀመሪያ በወረቀቱ መሠረት ከአሠሪው ጋር ይነጋገሩ፤ እንቢ ካለ በወረዳው ወይም በክፍለ ከተማው ላለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ከዚያም ቢያልፍ የሥራ ክርክርን የሚያይ ፍርድ ቤት አለ፤ ሠራተኛ ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ገንዘብ አይጠየቅም። ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቅበት ጊዜ ሊከፈል ከሚገባው ቀን ጀምሮ 6 ወር ብቻ ስለ ሆነ «ቈይ፣ ከበዓል በኋላ» በሚል ቀጠሮ ጊዜው እንዳያልፍብዎ ይጠንቀቁ።

በመጨረሻው የሥራ ቀን ልጁ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ የተሰጠውን ቁልፍና ዕቃ አስረክቦ፣ አሠሪውን አመስግኖ ይሰናበት፤ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የቈየበትን ጊዜና ያገኝ የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የአገልግሎት የምስክር ወረቀትም ይጠይቅ። አሠሪው ይህን ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ማኅተም ያለው ድርጅት ከሆነ ማኅተሙን ያሳርፍበት፣ ማኅተም የሌለው ትንሽ ሱቅ ከሆነም የባለቤቱ ስምና ፊርማ ይበቃል፤ በሚመጣው ክረምት ሌላ ቤት ሲጠይቅ የሚያሳየው ይህን ነው።